የተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ሲሻሻል የቅርሱ ገጽታ እንዴት ይትረፍ?

መንገድ ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። በመንገድ ሥራም ሆነ በቅርስ ጥበቃ የምትሠሩ ካላችሁ ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው።

አራት ትላልቅ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ አለ እንበል። መሃሉ ላይ አሮጌ ሐውልት ወይም ቅስት ቆሟል። ዙሪያውን የገዘፉ ዛፎች፣ የድንጋይ አጥር፣ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ። ቦታው ያምራል። ጠዋትና ማታ ግን መኪናው አይላወስም፣ እግረኛውም የሚሻገረው በእግዜር ኪነ ጥበብ ነው። መሻሻል እንዳለበት ማንም አይክድም።

የሚያስፈራኝ፣ ማሻሻል ሲባል ሁሌም አንድ ዓይነት ሥዕል መምጣቱ ነው። ሰፊ አስፋልት፣ ስምንት ሌን፣ ከዳር የተገፋ ሐውልት፣ አዲስ የተተከሉ ቀጫጭን ችግኞች። ሌላ አማራጭ የለም ማለት ነው?

የመብራት ልጅ

አለ። እንዲያውም ከማስፋት በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው። ሥራዬ የትራፊክ መብራት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

መስቀለኛ መንገድ የሚታነቀው ብዙ ጊዜ ከቦታ ጥበት ይልቅ በባከነ ሰከንድ ነው። አንድ ሌን አረንጓዴ እስከበራለት ድረስ በሰዓት እስከ 1,800 መኪና ገደማ ያሳልፋል። ችግሩ አረንጓዴው ለሁሉም ይከፋፈላል። አራቱም መግቢያዎች ተራ በተራ ብቻቸውን ይለቀቃሉ እንበል። ሙሉው ዙር 120 ሰከንድ ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ 4 ሰከንድ ያህል ይባክናል፤ የፊተኛው እስኪነሳ፣ የኋለኛው መስቀለኛውን ለቆ እስኪወጣ። ያ 16 ሰከንድ ነው። ቀሪው ለአራት ሲካፈል ለአንዱ 26 ሰከንድ ይደርሰዋል። በሰዓት ሲሰላ በሌን 390 መኪና ብቻ።

አሁን ወደ ግራ መታጠፍን ከልክሉና ተቃራኒ አቅጣጫዎችን አንድ ላይ ልቀቁ። አራቱ ተራ ሁለት ይሆናል። የሚባክነው 8 ሰከንድ፣ ለአንዱ የሚደርሰው 56 ሰከንድ። ያው ሌን በሰዓት 840 መኪና ያሳልፋል። አንዲት ዛፍ ሳትነካ፣ አንድ ድንጋይ ሳይነቀል።

በእርግጥ ግራ የሚታጠፈው ሰው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ቀድሞ ወይም አልፎ የሚዞርበት መንገድ ካልተዘጋጀለት መጨናነቁን ወደ ጎረቤት ሰፈር መላክ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ስሌቱ በአንድ መገናኛ ብቻ አይሠራም፤ ዙሪያውን ያሉ መንገዶችም አብረው መታየት አለባቸው።

መሪ ጨባጭ

ወንድሜ፣ ስሌትህ ያምራል። ግን "ወደ ግራ አትታጠፍ" የሚል ምልክት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኛ በየቀኑ መሪ ይዘን የምንውል ሰዎች ሁለት ኪሎ ሜትር እንድንዞር የሚፈረድብን ለዛፍ ተብሎ ነው? ዛፍ ይቆረጣል፣ ሌላ ይተከላል። ባለፈው ሰዓት ግን የሚተካ የለም። ቅርስ እወዳለሁ፣ አልጠላም። ሐውልቱን አንስቶ ደህና መናፈሻ ውስጥ በክብር ማስቀመጥ ምን ነውር አለው? ወይ ደግሞ መኪናውን በመሬት ውስጥ ማሳለፍ። ሁለቱም ይገላገላሉ።

አሮጌ ካርታ

መሪ ጨባጭ፣ "አንስቶ ማስቀመጥ" ያልከው አዲስ ሐሳብ አይደለም። ውጤቱን ለማየት ለንደን ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል።

ቴምፕል ባር የሚባል የከተማ በር ነበራቸው። ለመንገድ ማስፋፊያ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1878 ድንጋይ በድንጋይ ተፈታ። ከዚያ ከከተማ ውጭ አንድ ርስት ላይ ተተከለ። ወደ ለንደን የተመለሰው በ2004 ነው፤ ያውም ወደ ድሮ ቦታው አይደለም፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ወዳለ ሌላ ቦታ። የዌሊንግተን ቅስትም እንደዚሁ ሃይድ ፓርክ ኮርነር ላይ መጨናነቅ ለማቃለል ተብሎ በ1880ዎቹ ተነሣ። ርቀቱ አጭር ነበር። ግን ከፊት ለፊቱ ካለው የፓርኩ መግቢያ ጋር የነበረው ትይዩነት ጠፋ። መጨናነቁስ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ቦታ ላይ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ መቆፈር ግድ ሆነ። ቅስቱም በመኪና የተከበበ ደሴት ላይ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥበቃ ሰነድ፣ በአንቀጽ 7 ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ሐውልት ከመሰከረለት ታሪክና ከቆመበት አካባቢ አይነጠልም ይላል። ማንቀሳቀስ የሚፈቀደው የቅርሱ ደኅንነት ራሱ ግድ ካለ፣ ወይም እጅግ ከባድ የሆነ አገራዊ ወይም ዓለም አቀፋዊ ጥቅም ካስገደደ ነው። የጠዋት መጨናነቅን ከዚያ ተርታ ማስገባት ይከብዳል።

ብዙ ፕሮጀክት የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቅርሱ ሐውልቱ ብቻ ነው ብለው ያስባሉ። በሐውልቱና በዛፎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ፣ ከመንገዱ ጫፍ ሲመጣ የሚታየው እይታ፣ የድንጋዩ አጥር ከፍታ፣ የመሬቱ ዘንበል ማለት፤ ይህ ሁሉ የቅርሱ አካል ነው። ሐውልቱን ሳይነኩ ይህን ሁሉ ማጥፋት ይቻላል። የጀርመኗን ድሬስደንን አስታውሱ። የኤልበ ሸለቆ በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሸለቆውን የሚያቋርጥ የመኪና ድልድይ ለመሥራት ሲወሰን በ2009 ከመዝገቡ ተሰረዘ። አንድም ታሪካዊ ሕንፃ አልፈረሰም። የተጎዳው እይታው ነው።

መሪ ጨባጭ

የድሬስደን ሰዎች እኮ በሕዝበ ውሳኔ ድልድዩ ይሠራ ብለው መርጠዋል። እሱንም ጨምረህ ንገረና!

አሮጌ ካርታ

እውነት ነው፣ በ2005 አብዛኛው መራጭ ደግፎታል። ድልድዩም በ2013 ተከፍቶ እየሠራ ነው። ከተማው መረጠ፣ ዋጋውንም ከፈለ። ቅር የሚለኝ ዋጋው ሳይነገር ሲመረጥ ነው።

የመብራት ልጅ

ስለ መሬት ውስጡ ልመልስ፤ ሁሌ የሚነሣ ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ መኪናው ይሰወራል፣ ላዩ ሣር ይሆናል። መሬት ላይ ግን እንዲህ ነው። መኪና እንዲያልፍ 5 ሜትር ያህል ክፍት ከፍታ ያስፈልጋል። ጣሪያው አንድ ሜትር ይወስዳል። ስለዚህ መንገዱ 6 ሜትር ይወርዳል። በ6 በመቶ ቁልቁለት ብንወርድ መቶ ሜትር ያስፈልጋል። ጫፍና ጫፉ ላይ ቀስ ብሎ የሚጎብጥበት ሲጨመር በአንድ በኩል ከ130 እስከ 150 ሜትር ይሆናል። በሁለቱም በኩል ሲታሰብ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ፣ ግድግዳ ያለው ክፍት ጉድጓድ ማለት ነው። ያ ጉድጓድ የሚያርፈው የት ነው? ዛፎቹ የተሰለፉበት መንገድ ላይ።

ይህም አያበቃም። ወደ ውስጥ የማይገባው፣ ማለትም የሚታጠፈው መኪናና አውቶቡሱ፣ በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ሌላ ሌን ይፈልጋል። ስለዚህ መሬት ውስጥ የገባ መንገድ ብዙ ጊዜ ላይ ካለው ይልቅ ሰፊ ቦታ ይበላል። የጎርፍ ፓምፑን፣ የመብራት ወጪውን፣ የተቀበሩትን የውኃና የኤሌክትሪክ መስመሮች ማዛወሩን ገና አልቆጠርኩም።

ረጅም ዋሻ ሲሆን ሌላ ጉዳይ ነው። ማድሪድ ኤም-30 የሚባለውን ቀለበት መንገዷን በወንዙ ዳር ለብዙ ኪሎ ሜትር ቀብራ ላዩን መናፈሻ አድርጋለች። ግን ያ የአንድ መገናኛ ማሻሻያ አይደለም። ለትውልድ የሚተርፍ ዕዳ ያለው ሥራ ነው።

እግረኛዋ

እስካሁን ስለ መኪና ብቻ ነው የተወራው። እኔ ስለ እግር ላውራ 🙂

ቅርሱ መሃል ደሴት ላይ ተቀምጦ ማንም ሊደርስበት ካልቻለ ተጠበቀ ማለት ይቻላል? ከመኪና መስኮት የሚታይ ሐውልት ለእኔ ፖስት ካርድ ነው። የለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ ለብዙ ዘመን በአራቱም ጎን በመኪና ተከቦ ኖረ። በ2003 ሰሜናዊው ጎን ለመኪና ተዘጋና አደባባዩ በሰፊ ደረጃ ከብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ጋር ተያያዘ። ለውጡ አንድ ጎን መዝጋት ብቻ ነው። አዲስ ነገር አልተተከለም ማለት ይቻላል። ግን ቦታው ሰው የሚቀመጥበት ሆነ።

ሌላም አለኝ። የቅርስ ወዳጆች ጥርብ ድንጋይ ይወዳሉ። እኔም እወዳለሁ። ግን ዊልቸር የሚገፋ ሰው፣ ዱላ የያዘ አዛውንት፣ የሕፃን ጋሪ የያዘች እናት ያንን ወጣ ገባ ድንጋይ እንዴት ይሻገሩት? "ታሪካዊ ነው" ብሎ መተው መልስ አይደለም።

አሮጌ ካርታ

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ድንጋዩ በቁጥር ምልክት እየተደረገበት ይነሣል። መሻገሪያው ላይ የሚያርፈው ብቻ ፊቱ በመጋዝ ተስተካክሎ፣ እንዳያንሸራትት በትንሹ ተሻክሮ፣ መገጣጠሚያው ጠብቦ ይመለሳል። ቀለሙ ያው፣ ድንጋዩ ያው። ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም። በየቦታው የሚያበሳጨኝ ድንጋዩን አንሥቶ "ጊዜያዊ" አስፋልት ማፍሰስ ነው። ያ ጊዜያዊ ከእኛ ዕድሜ ይረዝማል። የተነሣው ድንጋይ ደግሞ መጋዘን ይገባና ከዚያ ማን ጓሮ እንደሄደ አይታወቅም።

ሥር ጠባቂ

የዛፍ ሰው ነኝ። "ይቆረጣል፣ ሌላ ይተከላል" የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መሪ ጨባጭ፣ የምትተክለው ችግኝ የትልቁን ዛፍ ጥላ እስኪሰጥ አንተም እኔም አንኖርም። አስፋልት የሚያቀዘቅዘው፣ ዝናቡን የሚይዘው፣ አቧራውን የሚያስቀረው የቅጠሉ ስፋት ነው። አሥር ችግኝ የአንድ ትልቅ ዛፍን ያህል ቅጠል የለውም። በቁጥር ማካካስ የወረቀት ጨዋታ ነው።

ደግሞ ብዙ ዛፍ የሚሞተው በመጋዝ አይደለም። ሥሩ ሲቆረጥና አፈሩ ሲረገጥ ነው። አብዛኛው ሥር ያለው ከላይ ባለው 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ የመንገድ መሠረት ቁፋሮም ብዙ ጊዜ እዚያው ጥልቀት ላይ ነው። የእንግሊዞቹ ደንብ ቀላል መለኪያ አለው። የግንዱን ውፍረት በደረት ከፍታ ለካ፣ በ12 አባዛ፤ ያ ርቀት በዙሪያው የተከለለ ይሁን። ግንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ዙሪያ ማለት ነው። የትኛው ሥዕል ላይ ነው ይህ ክብ ተስሎ የምታገኙት? ዛፍ በዲዛይን ላይ ነጥብ ሆኖ ነው የሚሳለው። ከነጥቧ ግማሽ ሜትር ርቆ ጠርዝ ድንጋይ ይሳላል፣ ከዚያ "ዛፉ ተጠብቋል" ይባላል።

ሥሩ የተጎዳ ዛፍ በዓመቱ አይሞትም። ሦስት፣ አምስት ዓመት ቆይቶ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ያኔ ኮንትራክተሩ ሄዷል፣ የዋስትና ጊዜውም አልቋል። "በሽታ ነው" ተብሎ ይቆረጣል።

ዝምተኛው

የመጨረሻዋ አንቀጽ 👏

መሪ ጨባጭ

እሺ ሥር ጠባቂ፣ ስለ ዛፉ የምትለውን ሰማሁ። ግን ከተማ ያድጋል፣ መኪና ይጨምራል። ዛሬ በመብራት ያተረፋችሁት ሰከንድ ነገ ይበላል። ያኔ ምን ልታደርጉ ነው? ማስፋት አይቀርም።

የመብራት ልጅ

ያተረፍነው ሰከንድ እንደሚበላ እስማማለሁ። ሌኑም ግን ይበላል። ዱራንተንና ተርነር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ከተሞችን አውራ ጎዳናዎች ፈትሸው፣ በመኪና የሚነዳው ርቀት ከተጨመረው መንገድ ጋር እኩል እንደሚያድግ አሳይተዋል። መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረው፣ አውቶቡስ ይይዝ የነበረው፣ ጭራሽ ቤቱ ይቀመጥ የነበረው ሁሉ ይመጣል። ልዩነቱ፣ ሰከንዱ ቢበላ መብራቱን መልሰህ ታስተካክላለህ። ሌኑ ከተበላ ግን ዛፉ አይመለስም።

ስለ ስፋት ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ዲዛይነር ሌኑን 3.6 ሜትር ያደርጋል፤ ለአውራ ጎዳና የተለመደ ልክ ስለሆነ ነው። መብራት ባለበት መገናኛ ግን ይህ ስፋት ምንም አያተርፍም። የአሜሪካኖቹ የመንገድ አቅም መመሪያ የ2010 እትም፣ ከ3 እስከ 3.9 ሜትር ባለው ውስጥ የሌን አቅም ላይ ምንም ማስተካከያ አያደርግም። ስለዚህ አራት ሌን በ3.6 ፈንታ በ3.1 ቢሠራ 2 ሜትር ይተርፋል። ያ ለአንድ ረድፍ ዛፍ ሥር መተንፈሻ ነው፤ ወይም እግረኛዋ መሃል ላይ ቆማ የምትጠብቅበት ደሴት። ለአውቶቡስ አንዱን ሌን ሰፋ አድርጎ ሌሎቹን ማጥበብም ይቻላል።

መንገድ ጠያቂ

በጣም ጥሩ ውይይት ነው፣ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። መብራቱን ትቶ ክብ አደባባይ ማድረግስ? ሐውልቱ መሃል ይሆናል፣ መኪናው ይዞራል። ለቅርሱ የሚስማማ ይመስለኛል።

የመብራት ልጅ

ለደኅንነት ጥሩ ነው። ተራ ባለ አራት እግር መስቀለኛ ላይ የመኪኖች መንገድ የሚጋጭባቸው 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ ሌን አደባባይ ላይ 8 ብቻ። የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር መብራት ያለው መገናኛ ወደ አደባባይ ሲቀየር ሞትና ጉዳት የሚያስከትል አደጋ በ78 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ዘወር ብሎ የሚገባ መኪና መብረር አይችልም።

ግን አደባባይ ጥሩ የሚሠራው እስከተወሰነ መጠን ነው። በጣም ሲሞላ፣ በተለይ ከአንድ አቅጣጫ ብዙ መኪና ሲመጣ፣ ሌላው መግቢያ ለመግባት ክፍተት አያገኝም። ደንቡም ወሳኝ ነው። እንግሊዞች በ1966 ውስጥ ላለው መኪና ቅድሚያ የሚሰጠውን ደንብ ሲያጸኑ ነው አደባባያቸው መታነቁን ያቆመው። ፓሪስ የድል ቅስቱ ጋ፣ አሥራ ሁለት ጎዳና የሚገናኙበት ቦታ፣ እስከ ዛሬ ለሚገባው ነው ቅድሚያ የሚሰጡት። አይታችሁት ከሆነ ትርምሱን ታውቁታላችሁ።

እግረኛዋ

እዚያው ፓሪስ እግረኛ ወደ ቅስቱ የሚደርሰው በመሬት ውስጥ ነው። ትልቅ አደባባይ ለእግረኛ ቅጣት ነው። በዙሪያው ትዞራለህ ትዞራለህ፣ መሃሉን ግን አትረግጠውም። ሐውልቱ መሃል ሲሆን ያማረ የሚመስለው ካርታ ላይ ነው።

አሮጌ ካርታ

እኔም ከእግረኛዋ ጋር ነኝ። ደግሞ ቦታው በመጀመሪያ ክብ ካልነበረ ክብ ማድረግ ራሱ ታሪኩን መለወጥ ነው። የአራት ማዕዘን አደባባይ ጠርዞቹ ይነግሩሃል፤ ገበያ የት እንደነበር፣ ሰልፍ በየት እንደሚገባ።

ሌላ ማንም ያላነሣው ነገር ከመሬት በታች ያለው ነው። መንገዶች ብዙ ጊዜ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነው የሚገናኙት። ግሪክ አገር፣ ተሰሎንቄ ውስጥ ሜትሮ (የመሬት ውስጥ ባቡር) ሲቆፈር ቬኒዜሎስ ጣቢያ ላይ በእምነ በረድ የተነጠፈ የጥንት መስቀለኛ መንገድ ተገኘ፤ አሁን ባለው መገናኛ ሥር ማለት ነው! ዓመታት የፈጀ ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ ጣቢያው ተሠርቶ፣ ድንጋዩ ውስጡ ተመለሰ። ሜትሮው የተከፈተው በኅዳር 2024 (በእነሱ አቆጣጠር) ነው። ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት የአርኪዮሎጂ ፍተሻ ጉድጓድ መቆፈር ርካሽ ነው። መሃል ላይ መቆም ነው ውድ።

ዝምተኛው

ሁላችሁም የረሳችሁት፦ ምሰሶ። አንዱ መገናኛ ላይ ለመብራት፣ ለካሜራ፣ ለምልክት፣ ለማስታወቂያ፣ ለስልክ፣ ለየብቻው ምሰሶ ይተከላል። ሐውልቱን ፎቶ ለማንሣት ምሰሶ የሌለበት ማዕዘን የለም። መብራቱም ምልክቱም አንድ ምሰሶ ላይ ቢሰቀል ግማሹ ውበት በነፃ ይመለስ ነበር።

ሥር ጠባቂ

ከዝምተኛው ይህን ያህል ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው 😄 እውነቱን ነው ግን።

ወደ ጥያቄው ልመለስና ለመንገድ ጠያቂ የምመክረው ከዲዛይኑ ይልቅ ውሉን እንዲያይ ነው። የተከለለው ዙሪያ በጠንካራ አጥር ይታጠር፣ አጥሩም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይቁም። በየቦታው የማየው ከዛፉ ሥር የቆመ ሮለር፣ የተከመረ አሸዋ፣ የፈሰሰ ናፍጣ ነው። በክልሉ ውስጥ መቆፈር ግድ ከሆነ በእጅ፣ ወይም አፈሩን ብቻ በግፊት አየር በሚበትነው መሣሪያ። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ዛፍ በገንዘብ ይገመት። እንግሊዝ ውስጥ ካቫት የሚባል ለከተማ ዛፍ ዋጋ ማውጫ ዘዴ አለ። ዋጋው ውሉ ውስጥ ከተጻፈና የዋስትናው ጊዜ ለዛፍ ተብሎ ረዘም ካለ፣ ኮንትራክተሩ ራሱ የዛፉ ዘበኛ ይሆናል።

መሪ ጨባጭ

በውል አስሮ ማሠራት ያስማማኛል። ግራ መታጠፍ መከልከሉን ግን ገና አልተቀበልኩም። ከመወሰናችሁ በፊት ሞክሩት በሉና እንየው።

የመብራት ልጅ

ሙከራው ይሁን፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ታይምስ ስኩዌር የሚባለውን አደባባይዋን በ2009 በከፊል ለመኪና የዘጋችው በቀለም፣ በበርሜልና በተጣጣፊ ወንበር ነበር። ለኩት፣ በ2010 ቋሚ ይሁን ተባለ። ግንባታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንተ ያልከውንም እንዲሁ በኮንና በቀለም መሞከር ይቻላል። ግን አንድ ሳምንት አይበቃም፤ ሾፌር መንገዱን እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሌም ትርምስ ናቸው። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። የሚለካውም የመኪና ብዛት ብቻ አይሁን። አንድ አውቶቡስ ስንት ሰው ይዞ አለፈ፣ እግረኛ ስንት ሰከንድ ጠበቀ፣ የሚዞረው መኪና ጎረቤት መንገድ ላይ ምን አደረገ፤ ሁሉም ይመዝገብ። አንተ ትዞራለህ ያልካቸው ሁለት ኪሎ ሜትሮች በደቂቃ ስንት እንደሆኑም አብሮ ይለካ፤ ከዚያ ተመልሰን እንከራከራለን።

መሪ ጨባጭ

ተስማምተናል። ቁጥሩ ሲወጣ ግን እዚሁ ለጥፉት፣ እንዳትጠፉ።